በቅንፍ ውስጥ፦ «አይሰማም»

እዚህ ደንዲ ከተማ፣ ከቴይ ወንዝ ዳርቻ፣
ዐቃቤ ሕግ አይደለሁ፣ ረዳቱ ነኝ ብቻ።
ጥቁር ካባ የለኝ፣ በችሎት አልቆምም፤
ሲፈረድም ስሜን ማንም ሰው አይጠቅስም።
የባሕር ወፍ ሲጮኽ፣ ጉሙ ድልድዩን ሲውጥ፣
እኔ መስኮት አጠገብ ፋይል ሳገላብጥ።
የምስክር አድራሻ፣ የሕፃን ስም ሲኖር፣
በጥቁር እሸፍናለሁ፣ ፊደል እንዳይቀር።
የወጥ ቤት ቢላዋ በላስቲክ ታሽጎ፣
ቁጥር አራት ተብሎ ወረቀት ተደርጎ፣
ያድራል ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከምሳዬ አጠገብ፤
ለመፍራት ጊዜ የለኝ፣ ሥራዬ መመዝገብ።

ምስክር ስጠራ ጀርባው ይታመማል፣
ስልኩ ይዘጋና «ባትሪ አልቋል» ይባላል።
አንዷማ «ድመቴ ናት» አለችኝ ባለፈው፣
«እኔ ከቤት ከወጣሁ ምግቡን አትቀምሰው።»

አለቃዬ ጊልክሪስት፣ ፋይል እንደ ልጅ አቅፎ፣
ለምሳ አይቀመጥ፣ እንቅልፉም ተገፎ፣
«ኢሽቤል፣ ይህን አድምጪ» አለኝ በኅዳር ወር፣
«ቃል በቃል ይጻፍልኝ፣ ሳይዘለል፣ በዝርዝር።»

የሴት ድምፅ ነበረ፣ የድንገተኛ ስልክ፤
አራት ደቂቃ ከዐሥር፣ በሰኮንዱ ልክ።
ትንፋሽ፣ የወንድ ጩኸት፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣
«ሦስተኛ ፎቅ» ስትል፣ ሲወዘወዝ በር።
በሁለተኛው ደቂቃ ድምፅዋ ይወርድና፣
የሆነ ቃል ትላለች በሹክሹክታ ቃና።
ፖሊሱ ሲጽፈው ባዶ ትቶ አልፎታል፣
በቅንፍ ውስጥ «አይሰማም» ብሎ ዘግቶታል።

ደንቡ ይፈቅዳል። እኔም «አይሰማም» አልኩት።
ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ አስቀመጥኩት።
ደግሞ አነሣሁት።

አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ፤ ቀኑም መሸብኝ፣
የጽዳቷ ዶሊና መብራት አጠፋችብኝ፣
«ሰው አለ!» ብዬ ብጮኽ፣
«ሁልጊዜም አንቺው ነሽ» ብላ አበራችልኝ።

ዐሥራ አንደኛው ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።
ለፖሊስ አልነበረም፤ ድምፁ ዘቅዘቅ አለኝ፤
ከስልኩ ዞር ብላ፣ አንገቷንም ደፍታ፣
ከጉልበት ለማይበልጥ ለአንድ ሰው ተጠግታ፣
በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ በዚያ ብርጭቆ መሐል፣
ትምህርት እንደረፈደ፣ እንደ ሰኞ ጧት ቃል፦

«ጫማሽን አድርጊ።»

ፋይሉ ላይ ተከሳሹ የሰጠው ቃል አለ፣
«ልጅቱ ያን ለሊት አያቷ ጋ ነች» እያለ።
እናቲቱም ፈርታ ዝምታን መርጣለች፤
ማሽኑ ውስጥ ግን ዛሬም ጫማ ታስደርጋለች።

ቅንፉን ሰረዝኩት። ጻፍኩ። ጆሮዬን አላመንኩት፤
ደግሜ፣ ደግሜ፣ ደግሜ ሰማሁት።
ጧት ጊልክሪስት ሲመጣ ጆሮው ላይ ሰካሁት።
ቆሞ ሰማ።
ከዚያ ተቀመጠ።
ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ፣
ወንበር ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጋቢት ችሎት ዋልን። እኔ ከኋላ ወንበር፣
ባለ ጎማ ጋሪዬን ይዤ፣ ፋይሉን በቁጥር በቁጥር።
ዳኛዋ ጠየቁ፣ «ማነው ይህን የጻፈው?»
«መሥሪያ ቤታችን» አለ፤ ደንቡም እንዲሁ ነው።
አልከፋኝም አልልም፤ ትንሽ ቆንጠጥ አረገኝ።
ተከሳሹ ግን ያኔ ማንንም አላየ፤
አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጫማውን ነው ያየ።

በወር መጨረሻ የሥራ ቅጽ ስሞላ፣
«የወሰደው ጊዜ» የሚል ባዶ መስመር አገኘሁ።
«አራት ደቂቃ ከዐሥር» ብዬ ሞላሁት።
ሌላው ለማን ይጠቅማል?

የልጅቱ ስም ፋይሉ ውስጥ አርባ ሁለት ቦታ ነበር፤
አርባ ሁለቱንም በጥቁር የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣
ማንም መጥቶ እንዳያገኛት።

ሐሙስ ሌላ ችሎት አለ።
እስቲ ለባለ ድመቷ ሴትዮ ልደውልላት።