ሰኔ ሠላሳ፣ ከዚራ

ሰኔ ሠላሳ ማታ፣ ከዚራ ቅርንጫፍ፣
ማራገቢያው ዞሮ ወረቀት ሲያንሳፍፍ፣
እኔና ጋሽ ዘውገ የዓመቱን ልንዘጋ
ቁጭ እንዳልን ቀረን ሌሊቱ ሊነጋ።
ባጃጁ ጸጥ ብሏል፣ ሙቀቱ አልበረደ፣
አንድ ቁጥር ብቻ መንገዱን አገደ፦
ቀፊራ ዳር ያለው፣ የፈርዶሳ ዑመር፣
ባንኩ የወረሰው ያ መጋዘን ነበር።

አምና ኢንጂነር ቶፊቅ ሜትሩን ይዞ መጣ፣
ግድግዳውን ለካ፣ ጣሪያው ላይም ወጣ፣
ደላላ ጠይቆ፣ ጎረቤት አስልቶ፣
ስምንት ሚሊዮኑን ዐሥራ አራት ላይ አውጥቶ
ፈርሞልን ሄደ።
አንድም ሰው አልገዛ፣ አንድም ሰው አልሸጠ፣
ስድስት ሚሊዮን ትርፍ ቆርቆሮው ላይ አቆጠቆጠ።
ትርፍ ነው ተባለ፤
ጉርሻ ተከፈለ፤
ዋናው መሥሪያ ቤትም «ጠንክረናል፣ አበድሩ» አለ።
እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ በጉርሻዬ ፍሪጅ ገዛሁ፤
ከቆርቆሮ በበቀለ ትርፍ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ።

ዘንድሮ፣ ጥር ላይ፣ አጥር የሚጋራው
አዩብ ሮብሌ፣ ዕዳ ያጣደፈው፣
ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርቶበት፣
መጋዘኑን ሸጠ፣ በሦስት ቀን፣ በሌት፣
በሰባት ሚሊዮን።
ደንቡ «ተገዶ የሸጠ አይቆጠር» ይላል።
ነገር ግን አዩብ ሲፈርም ፈገግ ብሎ ነበር፤
እጁን ማን ጠመዘዘው? ምስክሩስ ማነው?
ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰፈር ሌላ ሽያጭ የለም።

ቶፊቅ ያንኑ ሜትር ይዞ ተመለሰ፤
ግድግዳው አልተሰነጠቀ፣ ጣሪያው አላፈሰሰ፣
አንዲት ሚስማር እንኳ ከቦታዋ አልወደቀች።
«ሰባት» አለን፣ ላቡን እየጠረገ።

ጋሽ ዘውገ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣
«በኛ ጊዜ» አለ፣
«የከፈልሽውን ትጽፊያለሽ፣ አለቀ።
የተገዛበት ዋጋ እናት ያወጣችው ስም ነው፤
የዛሬው ግን የዳቦ ስም፤
ሰፈር በጠራሽ ቁጥር መታወቂያ አትቀይሪም።»

እውነትዎን ነው፣ ጋሼ።
ግን መልካ ጀብዱ ያለው ወፍጮስ?
ዐሥር ዓመት ዝጎ፣ ቋቱ ውስጥ እርግብ ፈልፍላ፣
እርስዎ መዝገብ ላይ ሙሉ ዋጋውን ለብሶ
እንደ ሙሽራ የተኳለ ሬሳ አልነበረም?

ዝም አለ።
ማራገቢያው ብቻ ነው የመለሰው።

ቁጥሩን ካወረድኩት ካፒታሉ ይመነምናል፤
ያኔ «ብድር ቀንሱ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤
ነገ ጧት ከሳቢያን የሚመጣው ነስሩ፣
ለዳቦ ቤት ማሽን እሺ ያልነው ብድሩ
«ትንሽ ቆይ» ይባላል።
እሱም ያባቱን ሱቅ ባገኘው ዋጋ ይሸጣል፣ ቶሎ፤
ቶፊቅም ያችን ዋጋ ይጽፋል፣ ሜትሩን ጠቅልሎ
ወደኛ ይመለሳል።

ባላወርደውስ?
ደቻቱ እኮ ዛሬ አሸዋ ነው፤
ልጆች ኳስ ይጠልዙበታል፣ ሽንኩርት ተዘርግቶበታል።
ገማች ቢልኩበት «ደረቅ፣ ሰፊ፣ ለገበያ ምቹ» ብሎ ይፈርማል።
ዝናቡ የሚጥለው ደንገጎ ላይ ነው፤
እዚህ ሰማዩ በኮከብ እንደተሞላ
ውሃው በር ያንኳኳል።
ለዚያ ዝናብ የሚሆን ዓምድ ፈለግሁ፣
በሁለቱም መዝገብ አጣሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሰባት ጻፍኩ።
ጋሽ ዘውገ ሳያነብ ፈረመ።

ዘበኛው ሙሜ መዝጊያውን እየሳበ
«አቦ፣ አተረፍን ወይስ ከሰርን?» አለኝ።
የምለው ጠፋኝ፤
«አንተ ያን መጋዘን ጠብቀህ ታውቃለህ፣
ውስጡ ምን ቀረ?» አልኩት።
«የፈርዶሳ ሚዛን» አለ፣ «የሽንኩርቱ፣ ማገሩ ላይ እንደተሰቀለ።
ከደቻቱ በኩል ነፋስ ሲገባ
ባዶውን ከፍ ዝቅ ይላል፤
ሌሊት ሌሊት ሲንቋቋ
ሌባ እየመሰለኝ ስንቴ ተነሣሁ።»