የወተቱ ልክ

«በዚያች ነሐሴ ወር፣ ደመናው ሲመጣ፣
በቀን ስንት ፒያላ ልጅነትዎ ጠጣ?»
ብዬ ጠየቅኋቸው፣ አንገቴን ደፍቼ፣
እርሳሴን ቀርጬ፣ ቅጼን ዘርግቼ።

ኦርንባሳር ዝም አሉ። ከመስኮቱ ወዲያ
ነፋስ ሣሩን ያሻል፣ ያለ መጠለያ።
ከዚያም አነሡና ሁለቱን መዳፍ፣
አቀራረቡት ቀስ ብለው፣ ሳይገጥም አፍ ላፍ፤
«ይህን ታህል ነበር» አሉኝ። ክፍተቱ
ወተት አልያዘም፤ አየር ነው፣ የሰባ ዓመቱ።
እኔም በቅጹ ላይ ጻፍኩ፦ «ሩብ፣ ወይ ግማሽ ሊትር»፤
ሙያዬ ይኸው ነው፣ መለካት ጥርጥር።

ማታ በከተማ፣ በኮምፒውተሬ ፊት፣
ሺህ ኦርንባሳሮች ወለድኩ ባንድ ሌሊት።
አንዷ ሦስት ጠጣች፣ አንዷ አንዲት ብቻ፤
የአንዷ ላም ወንዝ ወርዳ፣ የአንዷ በጉብታ ዳርቻ፤
የአንዷ ላም አዮዲን ያረፈበት ጋጠች፣
አንዷ፣ ነፋስ ዞሮ፣ በጥቂት አመለጠች።
ሺህ ልጅነት አለ፤ አንዱ ብቻ እውነት፤
የትኛው እንደሆን አላየሁም ምልክት።

ስህተትም ዘር አለው። አንዱ የግል ነው፤
የአሮጊቷ መዳፍ የጠበበ፣ የሰፋው።
ሌላው የጋራ ነው፦ የነፋሱን ጉዞ
የጻፈው ወታደር፣ በእንቅልፍ ዓይኑ ፈዝዞ፣
በአንዲት ዲግሪ ቢስት፣ ቆስጣል ሁሉ ይስታል፤
አንዱ ሲያዘነብል ጎረቤት ያዘነብላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህ ነው፤ አድምጡ፦
ልኩ ሲደበዝዝ፣ ቁጥሮች ሲናወጡ፣
በግራፌ ላይ ያለው የበሽታው ዳገት
ቀስ በቀስ ሜዳ ይሆናል፣ ሳንመለከት።
አለማወቃችን ገለልተኛ አይደለም፤
ለበዳይ ያደላል፤ ለሟች ዋስ አይሆንም።
ለዚህ ነው አለቃችን «አንድ ቁጥር ስጭኝ» ሲል
ሁለት የምሰጠው፣ በመካከል ገደል።
«ሰፋ» ይለኛል። «ሰፋ» እላለሁ፣ «እንደ አገሩ ሜዳ፤
ባጠበው ከደጅ የሚቀር ሙት አለ፣ መርዶው ሳይረዳ።»

በጥቅምት ተመለስኩ። በረዶው ጀምሯል።
ኦርንባሳር ሻይ ቀዱ፤ ወተቱ ግን ቀርቷል።
«ሻይዛዳ ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ዋሽቻለሁ፤
ሰልባቦቱ ከንፈሬን ሲነካኝ፣ ያኔም ዛሬም እጠላለሁ።
እናቴ ዘወር ስትል፣ ከኩልያሽ ፒያላ
ጨመርኩት የራሴን፤ እህቴ ጠጣች ተቻኩላ።»
አንገታቸውን ዳሰሱ። ያ የእሷ ነበር፣ ያበጠው፤
የእሳቸው ደህና ነው።

ኩልያሽን አውቃታለሁ። መዝገብ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፤
የእንቅርት ዕጢ ካንሰር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት።
መጠጧን የሚነግር ሰው ስላጣን፣ ለሷ
የእኩዮቿን አማካይ ጻፍንላት፣ እንደ ካሳ።

አማካይ ማንም ሰው ጠጥቶ አያውቅም።

ሁለቱን መስመሮች በዚያች ሌት አረምኩ፤
አንዱን ዝቅ አድርጌ፣ አንዱን ከፍ አደረግኩ።
ዳገቱ በፀጉር ልክ ቀና ያለ ይመስላል፤
ግን ስንቱ ሰልባቦት ሳይነገር ተቀብሯል?

በታኅሣሥ ደወሉ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፦
«እንጃ ልጄ... የዚያ በጋ ይሁን የሚቀጥለው፣ ጠፍቶኛል።
ጸጸትም እንደሆነ ትዝታ የሚሠራው፣ ማን ያውቃል?»

አልሰረዝኩትም። አላጸደቅኩትም።
ሺውን ልጅነት ለሁለት ከፈልኩ፤ ሌላ አላወቅኩም።
በአምስት መቶው ውስጥ ኩልያሽ የሁለት ሰው ትጠጣለች፤
በአምስት መቶው የራሷን ብቻ ጠጥታ አፏን ትጠርጋለች፤
በሺውም ግን
ሠላሳ አንድ ዓመት ትኖራለች።