አመድ በዱቄት ሳቀ

ኩታናድ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከሩዝ ወፍጮው ጓሮ፣
የገለባው አመድ ተራራ አክሎ ኖሮ፣
ነፋስ በነሣ ቁጥር ሰፈር ያጠቁራል፤
ከታጠበ ልብስ ላይ፣ ከሳንባም ላይ ያድራል።

ኩንጃን ሠላሳ ዓመት በአካፋ ሲዝቀው፣
«አመድ አፋሽ» ለሱ ተረት አይደል፣ ሥራ ነው፤
ደመወዙም ሳል ነው።

ልጁ ሱማቲ ግን በጆንያ ሞልታው፣
በአውቶቡስ፣ ከእግሯ ሥር፣ ከተማ ወስዳው፣
ፈጭታ አላመችው። ከሲሚንቶው ድርሻ
ጥቂት ቀንሳ ሰጠች ለአመዱ ጉርሻ።
ድልድዩን በቀዳዳው ጨው ውሃ ሲበላ፣
ዓይን የማያየውን ያን ባዶ አመድ ይሙላ!

ግንበኞች ሰሙና ዱቄት በአመድ ሳቀ።
ሁለቱም ኩብ ሄዶ ከውሃ ተደበቀ፣
ሃያ ስምንት ቀን።

መጭመቂያው ወረደ።
አመድ ያልነካው ኩብ፦ ጧ!
የሷ፦ ዝም።
መርፌው ያንን ቁጥር አለፈ። አሁንም ዝም።
ኋላ እሱም ተሰበረ፤
የማይሰበር የለም።

ስባሪውን ላከች። አባት አገላብጦ፣
ባውራ ጣቱ አሸው፣ እንደ ልማዱ አፍጥጦ፤
መዳፉ እስኪጠቁር ጠበቀ። ሳለ። ጠበቀ።
እጁን አየው፤ ንጹሕ።
ያኔ ነው የሳቀ።