የቀጠነ ቀለም

ደመወዝ የወጣ ዕለት፣ ጤፉም ዘይቱም ሳይሸመት፣
መርካቶ ነኝ፣ ሸምሱ ሱቅ፣ ደረጃው ሥር ካለች ጥግ ቤት።
ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ እንቁላል እንደሚፈትን ሰው፦
«ይሄ ረግቷል፣ ይሄ ከርሟል፤ ይሄኛው ነው የሚያምረው፣
ሰማያዊ ሆኖ ገብቶ፣ ሲደርቅ ሌሊት የሚመስለው።»

እኅቴ ትቆጣለች፦ «ስምንት መቶ ብር ለቀለም!
የሲሚንቶ መጋዘን ሒሳብ ያዥ ነሽ እንጂ ተማሪ አይደለሽም።»
እውነቷን ነው።
ቀን ቀን የከረጢት ቁጥር እጽፋለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ በእስክሪብቶ፤
ማታ ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
ይጀምራል ሌላው ሕይወት፣ ብዕሬ ቀለም ጠጥቶ።
ድሮ ትምህርት ቤት ቀለም ቆጠርሽ አሉኝ፤
በእውነት የቆጠርኩት ግን አሁን ነው፣ በጠብታ።

እስክሪብቶ ይጫናል፤ ብዕር ይንሸራተታል፤
ወረቀቱ ደግ ከሆነ ድምፁ እንኳ ይሰማል፦
ሽርርር፣ የሐር ቀሚስ ግድግዳ ታክኮ ሲያልፍ።
ክፉ ወረቀት ላይ ግን ቀለሙ ሥር ያወጣል፣
በየቃጫው ይሾልካል፣
ከጀርባው ይበቅላል።

ከመስኮቴ የሚታየኝን እስላለሁ፦
ከበረንዳ የተንጠለጠለ ምንጣፍ፣ የዛገ የዲሽ ሳህን፣
ደረጃ ላይ ተሰልፎ ውሃ የሚጠብቅ ጀሪካን።
(ቢጫ ቀለም የለኝም። ግን ጀሪካን በሰማያዊም ቢሳል
ቢጫ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል።)

አንድ እሑድ ከብሎኩ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስስል
ኦቦ ደገፋ መጡ፣ ዘበኛችን፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው።
ደብተሩን አዩት፣ አዩት።
«ሁሉን አልሳልሽም።»
«ምን ጎደለ?»
«ከሥሩ ያለው።»

ጣታቸው ወረቀቱን ሳይነካ በላዩ ሄደ፦
የቆሻሻ ገንዳው ጋ፣ አውድማ፤
ከነሰናይት በረንዳ ሥር፣ ሽንብራ፤
መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ምንጯ፣ ከምንጯ በላይ ግራሩ።
ድምፃቸው አልከረረም፤
መንገድ ለጠፋበት እንግዳ አቅጣጫ እንደሚያሳይ ሰው ነበር አነጋገሩ።
እኔ አፈርኩ።
ዕጣው ሲወጣልኝ እልል ያልኩ ነኝና።

የውሃ ጠርሙሴን ከፈትኩ፣
አንዲት ጠብታ ቀለም በክዳኑ ላይ አቀጠንኩ፣
ያ ሌሊት የሚመስለው ጭስ እስኪመስል፤
በሕንፃው ላይ አሳልፌ አውድማውን ሳልኩ፣ ሽንብራውን፣ ምንጯን፤
ወፍራሙ ያለው እንዲሆን፣ ቀጭኑ የነበረው።
አልሆነም።
ውሃው የነካው ግድግዳ ለቀቀ፣
ሦስተኛው ፎቅ ወደ ሽንብራው ፈሰሰ፣
የቱ የት እንደሚያበቃ ጠፋኝ።

ደንግጬ ሶፍት ስፈልግ «ተዪው» አሉ፤
ደብተሩን ወስደው ወደ ፀሐይ አነሡት፣ እንደ ሸምሱ፣
ብዙ ቆዩ።
«ግራሩ ብቻ...» አሉ በመጨረሻ፣
«ወደ ቀኝ አዘነበልሽው።
እሱ ወደ ግራ ነበር።»

አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ብዕሩ ደርቋል።
ደመወዝ እስኪወጣ ገና ዐሥራ ሁለት ቀን አለ፤
ማታ ማታ በሩን ሲከፍቱልኝ
ኦቦ ደገፋ ሰላም አይሉኝም፣
ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ያቆሙና
ቀስ ብለው ወደ ግራ ዘንበል ያደርጉታል።