ተጣጣፊዋ ወንበር

ስልሳ አምስት ዓመቴን ማክሰኞ ደፍኜ፣
ሐሙስ በማለዳ በባጃጅ ተጭኜ፣
ዘንባባው ከግራ፣ ዘንባባው ከቀኝ
እንደ መንደርደሪያ መብራት እየሸኘኝ፣
ከሽምብጥ ወጣሁ።

የመጣሁት ለእኅቴ ጣሪያ ነበር፣
ክረምት ሳይቀድማት ቆርቆሮ ለመቀየር።
ዛሬ ማታ ደግሞ ሽኝት አለኝ ቦሌ፤
ኬክ ታዟል አሉኝ፣ ከነክሬም ምስሌ።

ማንያዘዋል አየኝ፤ ከመስኮቱ ኋላ
አንገቱን ሰበረ። «ጋሼ ደርበው፣ ሞላ።
የምርቃት ሰሞን ነው፤ እስከ ጭራው ድረስ
አንድ ወንበር የለም ሕፃን የሚያደርስ።»

ፈገግ አልኩኝ እኔ።
ቲኬት የማያውቃት ወንበር አለች ለኔ፣
ከግድግዳ ታጥፋ የምትኖር እንደ ክንፍ፣
በሁለት አብራሪ መሐል የምታርፍ፤
እንደ መደብ ደረቅ፣ ለጉልበት የጠበበች፣
መስኮቱን በሙሉ ግን ለሰው የሰጠች።

ወደ እሷ መግቢያው በር ግን አንድ አይደለም፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ ስደክም፣
ለሠልጣኝ ሁሉ እንዲህ እል ነበር፦
«መታወቂያውን እዩ፤ ፊቱን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከፊቱ።
ፈቃዱን ግለጡ፤ የጤናው ወረቀት ይቆጠር በዕለቱ።
ከቦሌ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ስሙን መርምሩ፤
ከሌለ፣ የለም ነው፤ ይሉኝታን ቅበሩ።
ዩኒፎርም እንደሆን መርካቶ ይሰፋል፤
ፈገግታ ሰነድ አይደል፣ ሌባም ይስቃል።
ሁሉም ቢሟላም ደግሞ፣ የመጨረሻው ቃል
የካፒቴኑ ነው፤ እሱ እንቢ ካለ ይቀራል።
አባታችሁም ቢሆን።»
ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ በሰማያዊ ብእር፣
አንዲት የደንበጫ ልጅ ትጽፍ ነበር።

ማንያዘዋል ቁጥሬን መታ፤ አንዱን ገደፈ፤
እንደገና መታ፤ ደቂቃ አለፈ።
«ስምዎ... ከማክሰኞ ወዲህ አይታየኝም፤
ካፒቴኗን ልጥራ፤ እኔ አልወስንም።»

ጠዋቱ አሣ አሣ፣ ደንገል ደንገል ሸቶ፣
ባርኔጣዋ በእጇ፣ ፀጉሯን ነፋስ ፈትቶ፣
አስፋልቱን አቋርጣ መጣች። ትከሻዬን ሳመች።
ከዚያ እጇን ዘርግታ «መታወቂያ» አለች።
በፊት አየችው። ገልብጣ አየችው።
የሚያበቃበትን ቀን በጣቷ ነካችው።
ቦሌ ደወለች። ቆምን፣ ሦስታችን።
«እሺ... አዎ፣ ራሳቸው ናቸው... እሺ... ገባኝ።»
ስልኩን ዘጋች።
«አልችልም፣ ጋሼ» አለች።

አልዋሽም፣ ተናደድኩ።
«እኔ እኮ ነኝ!» ሊል ምላሴ ተንደረደረ፣
መሪ ያስጨበጠሽ፣ በክፉ ነፋስ ላይ ካጠገብሽ የነበረ።
ደግሞ አየኋት። ጣቷ ባርኔጣው ላይ ይርዳል፣
ድምጿ ግን እንደ ቀጥታ መስመር ይሄዳል።
«በሰላም ግቢ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝ።

ካጥሩ ውጭ፣ ብርጭቆ ሻይ በእጄ እየበረደ፣
ዐይኔ ሞተሩ ሲነሣ አብሮ ነጎደ።
ይብራዎች ነበሩ በመንደርደሪያው ጫፍ፤ ቆመች እስኪያልፉ።
(ይህንንም ከኔ ነው የሰማችው፦ ተሳፋሪ ያጉረምርም፣ ወፎች ይለፉ።)
ከዚያ ተነሣች። በጣና ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣
ታንኳዎቹ ስንጥር ሆኑ፣ እሷ ዳመና ውስጥ ገባች።
በጀርባዋ በኩል፣ ከግድግዳ ታጥፋ፣
ያቺ ወንበር አለች የኔን ቦታ አቅፋ፣
ባዶዋን።

ቦሌ ደወልኩላቸው፦ «ኬኩን ቁረጡ፤
ምስሌ ሳይቀልጥ ለልጆች ስጡ።»
ያው ባጃጅ፣ ያው ዘንባባ፤ አሁን ግን በግልባጩ፣
ነጂው በመስታወት ያየኛል፣ ጠርጥሮ። «ቀሩ እንዴ፣ አባ?»
«ቀረሁ።»

ስሟን አልነገርኳችሁም።
እናቷ ስታወጣላት ምን እንዳሰበች እንጃ፤
እኔ ሃያ ዓመት ከመዝገብ ላይ ስጠራት
ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።
የምርቃት ሰሞን አይደል? እኔም መረቅኋት፦
ትጓደድ።