ብድር በምድር

ሁሉ ወደ ሰማይ ጦሩን ሲከተለው፣
የእኔ ዓይን ከመሬት፣ ከተረከዝ ላይ ነው።
ታይስቶ ነው ስሜ። ሠላሳ አንድ በጋ፣
የፊንላንድ ሐይቅ ቀልጦ ሌቱ ሳይጨልም ሲነጋ፣
ባልዲና አካፋዬን፣ መዳመጫም ይዤ፣
ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ በሥራዬ ጊዜ፣
ወርዋሪ በተረከዙ የማሰውን ጉድጓድ
እደፍናለሁ፤ ጠዋት ሌላ መጥቶ ሊንድ።
በከተማው ሜዳ ጎማ ለብሷል መንገዱ፤
የእኛ የጡብ ድቃቂ ነው፣ ምስጢር አይችልም ሆዱ።
ፈሪ ሲንሸራተት፣ ደፋር ሲተክል እግሩን፣
ስም ሳይጠራልኝ አውቃለሁ ሁሉን።

ኢልታ፣ የጀልባ ሠሪው ሁለተኛ ልጅ፣
ክንዷን ያየ ሁሉ «ይኼ ክንድ ነው እንጂ!»
ግን ጦሯ አርባ አራት ሜትር ላይ ይወድቃል፤
ይነሳል፣ ይወረወራል፣ እዚያው ይወድቃል።
ግራ እግሯን ልትተክል ስትደርስ ከመስመሩ
ወኔዋ ይከዳታል፣ ይላላል ከሥሩ፤
ጉልበቷ ሲታጠፍ ጉልበቷ ያመልጣል፣
እንደ ዱቄት በወንፊት ወደ ታች ይፈስሳል።

በብርዱ ወራት ዩኒቨርሲቲ ወስደው
ወለል በተቀበረ ሚዛን ላይ አስሮጧት።
ወረቀት ይዛ መጣች፤ በቀይ የተሳለ
ተራራ ይመስላል፣ ጫፉ ላይ የዛለ።
«ምን ይላል?» አልኳት።
«መሬት የሰጠኋትን ያህል ብቻ ትመልሳለች ይላል።
ሳንቲም አትጨምርም፣ ሳንቲም አታጎድልም።
ስስታሟ እኔ ነኝ።»

አልሳቅሁም። ለዚህ ነገር መቼ ሚዛን ያሻል?
የሜዳዬ ድቃቂ ስንት ዓመት ይህን ብሏል።
ከአጥሩ ጥግ ወስጄ ሳንቃ አነሳሁላት።
ከሥሩ አንድ ጉድጓድ አለ፣ ያልደፈንኩት፤
አሠልጣኟ ራውኖ፣ ጎረምሳ ሳለ፣
ሰማንያ ሜትር ያለፈባት ማታ የማሰው።
«ተረከዝሽን አግቢበት» አልኳት።
እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጣት።
«ይኼን ያህል?»
«ይኼን ያህል።

ቤት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ?
መንደሩ ከጉድጓድ ውሃ እስከ ጣሪያ ተሰልፎ
ባልዲ ይቀባበላል።
ተረከዝ ለባት፣ ባት ለጭን፣ ጭን ለዳሌ፣
ዳሌ ለወገብ፣ ወገብ ለትከሻ፤
ክንድ መጨረሻ የቆመው ነው፣ ደፊው ብቻ።
ሁሉም እሱን ያያል።
ውሃው ግን ከታች ነው።
መሐል ያለ አንድ ሰው ቢያጎነብስ፣ ባልዲው ይፈስሳል።»

ያልነገርኳት አለ።
እኔም ወርዋሪ ነበርኩ። አራት ዓመት ሰጠሁ፣ አራት ዓመት መለሰችልኝ፣
አንድ ቀን ግን የመለሰችውን መሸከም አቃተኝ።
አላጭበረበረችም፤ ቆጥራ ነው የከፈለችኝ።
የተሰበረው ተሸካሚው ነው።
ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ በፊት ጉልበቴ ያወራል።

ሐምሌ ላይ፣ ተመልካች የለ፣
አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ በአጥሩ ታልፋለች።
ኢልታ ሮጠች።
መጨረሻው እርምጃ ላይ
ጧ!
በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፣ በጫማዬ ሥር ነው።
እግሯ እንደ ምሰሶ ቀጥ፤
ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሷ ላይ አለፈ፣
እሷ መንገድ ብቻ ሆነች።
ውሻው ጮኸ። ራውኖ ሜትር እየጎተተ ቁጥር ይጠራል፤
ስንት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ጉድጓዱ ዘንድ ቁጢጥ ብዬ ነበር።
ጥልቅ ነው፣ አፉ አልተሸራረፈም፣
ውስጡ ገና ይሞቃል።
ባልዲዬን አነሳሁ።
ባልዲዬን መልሼ አስቀመጥኩ።
ጉልበቴን ይዤ ቀስ ብዬ ተነሳሁና
ሳንቃ ፍለጋ ሄድኩ።