የዕለት ቅቤያችንን

እጁ ሚዛን ነበር ለአንሴልሙ ድሮ፣
ሊጥ ቆርሶ ይጥላል ግማሽ ኪሎ ቆጥሮ፤
የአቬይሮ ጨው ሠሪዎች ማልደው ሲመጡ ከዳቦ ቤት፣
«ሚዛኑን ሽጠው» ይሉት ነበር፣ «ምን ያደርጋል ላንተ ዓይነት!»

አሁን ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ ሥራው ሳይወጣ፣
ጓዳ ቆሞ ይጠብቃል፣ ትክክለኛው ቁጥር እስኪመጣ፦
ክሬም ስልሳ አንድ ግራም፣
ቅቤ ሃያ ሁለት፣
እንቁላሉ — አይ፣ በዛ — ትንሽ ይቀነስለት።
የወይራ ዘይት በስሪንጅ፣ እንደ መድኃኒት ተስቦ፤
በዚህ ቤት፣ በጋጋሪው ቤት፣ ክልክል የሆነው ዳቦ።

ኢርያ ስምንት ዓመቷ ነው።
አራት ዓይነት ኪኒን ሞክራለች፤
አንዱ እንቅልፍ አመጣ፣ አንዱ ፀጉሯን አረገፈ፣
አንዱ ቃላት አስረሳት፣ አንዱ እንዲሁ አለፈ።
የሚጥላት ግን ከቤት አልወጣ፣
በቀን አሥሬ፣ በቀን አሥራ ስድስቴ እየመጣ፣
ከወንበር፣ ከደረጃ፣ ከሣቋ መሃል ሲነጥቃት፣
እናቷ ሉርድሽ በቀይ እርሳስ ትጽፋለች፦ ደቂቃና ሰዓት።

«አምስተኛ ኪኒን አልጨምርም» አለች ሐኪሟ፣ በኮይምብራ፣
«ምግቧን እንለውጥ፤ አንጎሏ በስብ ይሥራ።
ስኳር የለ፣ ዱቄት የለ። ለሁሉም ልጅ አይሆንም፤
ሦስት ወር እንየው።» ከዚህ በላይ ቃል አልገባችም።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር።
አስመለሳት። አኮረፈች።
ጎረቤቷ ዶና ኤርሚንዳ፣ በደግነት፣
ከደረጃው ሥር አንዲት ብስኩት ሰጠቻት፤
ልጅቷ በዚያ ሌሊት ሦስት ጊዜ ወደቀች።
አሮጊቷ በማግስቱ ደጃፍ ቆማ አለቀሰች።
ማንም አልተቆጣት።

አንሴልሙ ልብሱን ከደጅ ያወልቃል፣
የትኩስ ዳቦ ሽታ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤
እጁን በሎሚ ያሻል፣ እስከ ክርኑ ድረስ፣
ሽታው ግን ከሱ ቀድሞ ነው ቤት የሚደርስ።

እሑድ፣ ከጸሎቱ መሃል፣ እጅጌውን ሳብ አድርጋ፦
«አባዬ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ሲሉ
እኔም ልበል? ለእኔ እኮ ተከልክሏል።»
ምን ይመልስ? ጎንበስ አለና ከጆሮዋ ላይ፣
«አንቺ የዕለት ቅቤያችንን በይ።»
ሣቋ ጣሪያውን ነካ፤ ቄሱ ዞር አሉ፤
ሉርድሽ በክርኗ ትጎሽማለች፣ አባትና ልጅ ይሥቃሉ።

በሰባተኛው ሳምንት የደብተሩ ቀይ ሳሳ፤
አሥሩ አራት ሆነ፣ አራቱ ሁለት።
ሐሙስ ምንም የለ።
ምንም የሌለበት ሐሙስ እንዴት ያስፈራል!
አንሴልሙ በሯ ላይ ቆሞ ትንፋሿን ሲቆጥር አደረ፣
ሊጡ ኩፍ ብሎ ከገንዳው ፈሰሰ፤ እሱ ከሥራ ቀረ።

ዓርብ መጣባት፣ አንድ ጊዜ። አጭር።
ተነሥታ «ርቦኛል» አለች፣
ክሬሟን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠርጋ ላሰች።
ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ፣
ቀዩን እርሳስ ከእናቷ እጅ ወስዳ፣
በባዶው ሐሙስ ላይ ድመት ሣለች፤
ጢሟ ረጃጅም፣
ሆዷ — «ቅቤ ስለበላች ነው» — ከገጹ ያለፈ።